ከድሮ ኤክስፒ ላፕቶፕ 38 ጊጋባይት ፋይል ማውጣት፦ ፍላሹም ኔትወርኩም እምቢ አለ

ሰሌዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል፣ ሰርቪስ ፓክ 3 ነው። ፔንቲየም ኤም፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ 60 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ (መሰኪያው የጥንቱ አይዲኢ እንጂ አዲሱ ሳታ አይደለም)። ባትሪው ስለሞተ በቻርጀር ብቻ ነው የሚነሳው። አዲሱ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ነው፤ የሲዲ ማጫወቻም የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳም የለውም።

መውጣት ያለበት 38 ጊጋባይት ያህል ነው፦ ፎቶዎች፣ በአማርኛ የተጻፉ የወርድ ሰነዶች፣ የአውትሉክ ኤክስፕረስ ኢሜይል፣ 6 ጊጋባይት የሚሆን አንድ የካሜራ ቪዲዮ። ያሉት ችግሮች እነዚህ ናቸው፦

– አዲስ የ64 ጊጋ ፍላሽ ሲሰካ ኤክስፒው «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፣ አሁን ይደረግ?» ይላል። ያው ፍላሽ አዲሱ ላይ ያለችግር ይከፈታል።
– ሌላ የ32 ጊጋ ፍላሽ ተቀብሏል። ቪዲዮው ላይ ሲደርስ ግን 20 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው «በቂ ቦታ የለም» ብሎ ይቆማል።
– ፍጥነቱ በሰከንድ 900 ኪሎባይት አካባቢ ነው።
– ኤክስፒው ላይ ሼር የተደረገ ፎልደር ከዊንዶውስ 11 በዋይፋይ አይታይም።
– አልፎ አልፎ ከዲስኩ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ዲስኩን ነቅሎ ማውጣት ይሻላል ወይስ እዚያው እያለ መጨረስ?

ባለገመዱ፦

ወንድም ሰሌዳ፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ምክንያታቸው የታወቀ ነው። የሚያሳስበው አምስተኛው ነው፤ ስለሱ ሌሎች ይመጡበታል።

«ፎርማት ይደረግ?» ሲልህ መልሱ ሁልጊዜ «ኖ» ነው። ፍላሹ ጤነኛ ነው። ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት በኤክስፋት ተዘጋጅተው ነው (ኤክስፋት፣ ፋት 32 እና ኤንቲኤፍኤስ የፎርማት ዓይነቶች ናቸው)፤ ኤክስፒ ደግሞ ኤክስፋትን የሚያውቀው ማይክሮሶፍት ኋላ ያወጣው ማሻሻያ (ቁጥሩ 955704) ከተጫነበት ብቻ ነው። የ32 ጊጋው ፍላሽ ፋት 32 ነው። እዚያ ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መሙላት አይችልም፤ ፍላሹ ባዶ ቢሆንም ባይሆንም ለውጥ የለውም። ኤክስፒ ይህን በግልጽ እንደመናገር «ቦታ የለም» እያለ ሰው ያደናግራል።

ለሁለቱም መፍትሔው የ64 ጊጋውን ፍላሽ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ነው። ኤክስፒ ኤንቲኤፍኤስን አሳምሮ ያነባል፣ ይጽፋልም። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። አንደኛ፣ «ሴፍሊ ሪሙቭ» ሳትል እንዳትነቅል፤ ኮፒው አለቀ ቢልህም ያልተጻፈ ነገር ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ፣ በፍላሽ ፋንታ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ልትጠቀም ካሰብክ ክፍፍሉ ኤምቢአር (የድሮው የዲስክ አከፋፈል) መሆን አለበት። 32 ቢት ኤክስፒ ጂፒቲ (አዲሱ አከፋፈል) የሆነውን አይከፍትም፣ ከ2 ቴራባይት በላይ የሆነውንም ሙሉውን አያይም።

ፍጥነቱ፦ በሰከንድ 1 ሜጋባይት የማይሞላ ከሆነ ቀዳዳው በዩኤስቢ 1.1 ልክ እየሠራ ነው፣ ጣሪያው በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነውና። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ» የሚለውን ዘርጋና «ኢንሃንስድ» የሚል ቃል ያለበት መስመር ፈልግ። ከሌለ፣ ወይም ቢጫ ቃለ አጋኖ ካለበት፣ የዩኤስቢ 2.0 ድራይቨሩ የለም ማለት ነው። ሰርቪስ ፓክ 3 ራሱ ድራይቨሩን ይዟል፤ ብዙ ጊዜ መስመሩን ራይት ክሊክ አድርጎ ማጥፋትና ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ይበቃዋል። ባለው ፍጥነት 38 ጊጋ 12 ሰዓት ይፈጃል፤ ዩኤስቢ 2.0 ከነቃ በሰከንድ 25 ሜጋባይት አካባቢ ስለሚሄድ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ኔትወርኩ፦ ኤክስፒ የሚናገረው ኤስኤምቢ 1 (ፎልደር በኔትወርክ የሚጋራበት የድሮ ቋንቋ) ብቻ ነው። ዊንዶውስ ከ2017 ወዲህ እሱን ዘግቶታል፣ በደህንነት ምክንያት። «አንዴ ልክፈተው» የሚል ምክር ሁሉም ቦታ ታገኛለህ፤ ከፍቶ መዝጋት የሚረሳ ሰው ስለሚበዛ አልመክረውም። በኔትወርክ የግድ ከሆነ አዲሱ ላይ ኤፍቲፒ ሰርቨር (ፋይል በኔትወርክ የሚቀበል ፕሮግራም፣ ፋይልዚላ ሰርቨር ለምሳሌ) ጫን፣ ለአዲሱ የዩኤስቢ ኔትወርክ ካርድ ፈልግ፣ ሁለቱን በአንድ ገመድ በቀጥታ አገናኝ። ለአንዱ 192.168.50.1፣ ለሌላው 192.168.50.2፣ ማስኩ 255.255.255.0። የዛሬ ካርዶች ገመዱ ቀጥታም ይሁን የተጠላለፈ ራሳቸው ያስተካክላሉ። ኤክስፒው ላይ የፋይል ማውጫው መስኮት ራሱ ኤፍቲፒ ይከፍታል። 100 ሜጋቢት በሆነ ካርድ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በኤፍቲፒ የሚጫን ፋይል ቀኑ ወደ ዛሬ እንደሚለወጥ ግን እወቅ፤ የሰነዶቹ ቀን የሚያስፈልግህ ከሆነ አስቀድመህ ዚፕ አድርጋቸው።

ካቻቢቴ፦

ባለገመዱ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ለጤነኛ ዲስክ። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ላይ ድራይቨር ማጥፋት፣ እንደገና ማስነሳት፣ ማሻሻያ መጫን ትርፉ ዲስኩን ማድከም ነው። ኤክስፒ በተነሳ ቁጥር ብዙ ያነባል፣ ይጽፋልም። እኔ የምለው ነቅለህ በአስማሚ አዲሱ ላይ ሰካው።

የምትገዛው አስማሚ «2.5 ኢንች አይዲኢ፣ 44 ፒን» የሚል መሆን አለበት። የሳታ ብቻ የሆነው አይገባም። ሦስት ዓይነት መሰኪያ ያለው (ሳታ፣ ትልቁ 40 ፒን፣ ትንሹ 44 ፒን) በቀላሉ ይገኛል።

አፈታቱ፦ ቻርጀሩን ንቀል፣ የሞተም ቢሆን ባትሪውን አውጣ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፤ የቀረው ኮረንቲ ይለቃል። ዲስኩ ብዙ ጊዜ ከሥር በአንድ ወይም በሁለት ብሎን በተያዘ ክዳን ውስጥ ነው። ከብረት አቃፊው ጋር ወደ ጎን ሸርተት አድርገህ ሳበው እንጂ ወደ ላይ አትገንጥለው። ከዲስኩ ፒኖች ጫፍ ላይ ላፕቶፑ የራሱ ትንሽ ማገናኛ ሊኖረው ይችላል፤ እሱን በሁለቱም ጎን እያፈራረቅክ ቀስ ብለህ አላቀው፣ ካለበለዚያ ፒኑ ይታጠፋል።

አሁን ፒኖቹን በደንብ እይ። በሁለት ረድፍ 44 አሉ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ ለብቻቸው 4 ፒኖች። አራቱ የጃምፐር (ሁለት ፒን የምታገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ናቸው፤ ምንም ሳይሰካባቸው ሲተዉ ዲስኩ «ማስተር» (ዋና) ነው፣ ለአስማሚ የሚፈለገውም እሱ ነው። ከ44ቱ መካከል አንዱ (20ኛው) ሆን ተብሎ የጎደለ ነው፤ አስማሚው ላይ በዚያው ቦታ ቀዳዳው ተደፍኗል። ሁለቱ ከተገጣጠሙ አቅጣጫው ልክ ነው። ርካሽ አስማሚ ላይ ያ ቀዳዳ ክፍት ሊሆን ስለሚችል ገልብጦ ወይም በአንድ ረድፍ ዘሎ መሰካት ይቻላል፤ እንዲያ ተሰክቶ ኮረንቲ ካገኘ የዲስኩ ቦርድ ሊቃጠል ይችላል። ክፍተቱና አራቱ ፒኖች ነጻ ሆነው መቅረታቸውን ሳታይ ዩኤስቢውን አትሰካ።

አዲሱ ላይ ሲታይ ሦስት ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። «ፎርማት» ካለህ፣ ኖ። «ስካን ኤንድ ፊክስ» ካለህ፣ ኖ፤ የታመመ ዲስክ ላይ ጥገና ማስኬድ ሊነበብ የሚችለውን ፋይል ሊበትነው ይችላል። የድሮውን ተጠቃሚ ፎልደር ስትከፍት «ፈቃድ የለህም፣ ይቀጥል?» ካለህ፣ «ኮንቲኒው» ማለት በየፋይሉ ላይ አዲስ ፈቃድ እየጻፈ ይሄዳል ማለት ነው። ጤነኛ ዲስክ ላይ ችግር የለውም፣ ይዘገያል እንጂ። ያንተ ላይ አልፈልገውም። አዲሱን ከኡቡንቱ (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ፍላሽ አስነሳው፤ ሊኑክስ የዊንዶውስን ፈቃድ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ዲስኩንም ለንባብ ብቻ መክፈት ይቻላል። ኡቡንቱ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው ጥበቃ) ሳይዘጋ ይነሳል፣ ስለዚህ አትዝጋው። ከዘጋኸው ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የ48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል።

ዜሮአንድ፦

ካቻቢቴ፣ መንቀሉ ላይ እስማማለሁ፤ ግን ቆይ፣ ከመነቀሉ በፊት። ኤክስፒው ሕይወት እያለው ብቻ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ሰሌዳ፣ አንድ ጊዜ አስነሳውና እነዚህን ብቻ ጨርስ፦

1. የፋይል ስማቸው በአረንጓዴ የተጻፈ አለ? ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ስላልክ ነው የምጠይቀው፤ ሆም ላይ ይህ የለም። አረንጓዴ ማለት በኢኤፍኤስ ተመስጥሯል ማለት ነው። ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲሰካ ስሙ ይታያል፣ ይዘቱ ግን አይከፈትም፤ ፈቃድ መቀየርም ሊኑክስም አያድንም። ቁልፉ ያለው በዚያው ተጠቃሚ ስም በተገባበት ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን የተጨመቀ ብቻ ነው፣ አያሳስብም።

እዚህ ላይ ነው የኤንቲኤፍኤስ ምክር የሚያሳስተው። አረንጓዴ ፋይል ኤንቲኤፍኤስ ወደሆነ ፍላሽ ሲገለበጥ ከነምስጢሩ ይሄዳል፣ አዲሱ ላይም ተቆልፎ ይቀራል። ወደ ፋት 32 ፍላሽ ሲገለበጥ ግን ፋት 32 ምስጢሩን መያዝ ስለማይችል ተፈትቶ ይጻፋል። ስለዚህ አረንጓዴዎቹን በዚያ ቀርፋፋ የ32 ጊጋ ፍላሽ አውጣ። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ ምስጢሩን ማንሳትም ይቻላል፤ ግን ያ ፋይሉን እዚያው በታመመው ዲስክ ላይ መልሶ መጻፍ ስለሆነ ይቅር። የተጠቃሚውን ፓስዎርድ በሌላ ፕሮግራም ማስለወጥም ጭራሽ አይታሰብ፣ ቁልፉን ያበላሸዋል።

2. ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ የሃርድ ዲስክ ፓስዎርድ ተደርጎበት ከሆነ አሁን አንሳው። አለበለዚያ በአስማሚ ሲሰካ ዲስኩ ተቆልፎ ይቀርባል።

3. ኢሜይሉ። የአውትሉክ ኤክስፕረስ ፋይሎች መጨረሻቸው ዲቢኤክስ ነው፤ ዊንዶውስ 11 የሚከፍትበት ፕሮግራም የለውም። አውትሉክ ኤክስፕረስን ክፈት፣ አንዱን የኢሜይል ሳጥን ምረጥ፣ ኮንትሮልና ኤ ተጫን፣ መልእክቶቹን ጎትተህ ፍላሹ ላይ ወዳለ ፎልደር ጣላቸው። እያንዳንዱ መልእክት ከነአባሪው ለብቻው የኢኤምኤል ፋይል ይሆናል፤ ያንን ተንደርበርድም ሌሎቹም ይከፍቱታል። ዲቢኤክሶቹንም ለመጠባበቂያ ያዛቸው፦ «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ»፣ የተጠቃሚው ስም፣ «ሎካል ሴቲንግስ»፣ «አፕሊኬሽን ዳታ»፣ «አይደንቲቲስ»። ድብቅ ፎልደር ስለሆነ «ማይ ዶክዩመንትስ»ን ብቻ ኮፒ የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ ይዘለዋል።

ሰሌዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ፎልደር ሙሉ አረንጓዴ ነበር፤ በፋት 32 ፍላሹ ወጥቶ አዲሱ ላይ ተከፍቷል። ኢሜይሉም ወጥቷል። የዲስክ ፓስዎርድ የለም።

ዲስኩ ተነቅሎ በአስማሚው ተሰካ። አሰካኩ ካቻቢቴ እንዳለው ነው፣ ጃምፐር የለም። የአስማሚው መብራት ይበራል፤ ዲስኩ ለመዞር ይሞክርና ቀጭ ብሎ ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል። አዲሱ ላይ ምንም አይታይም። አስማሚው የተሰካው በዩኤስቢ ሲ ማብዣ በኩል ነው። ሞተ ማለት ነው?

ካቻቢቴ፦

ለመሞቱ ገና ነው። እየሞከረ የሚቆም ዲስክ ብዙ ጊዜ የኮረንቲ እጥረት ነው፤ አሁኑኑ ግን ንቀለው፣ እንዲህ እየሞከረ እንዲቆይ አይተውም።

የዲስኩን ልጣፍ አንብብ፤ «5 ቮልት» ከሚለው አጠገብ የአምፔር ቁጥር አለ። የዚያ ዘመን 2.5 ኢንች ዲስክ ከግማሽ እስከ 1 አምፔር ይላል፣ ከፍተኛውን የሚስበውም መዞር ሲጀምር ነው። ዩኤስቢ 2.0 እንዲሰጥ የሚጠበቅበት 0.5 አምፔር፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 0.9 ነው። ማብዣው የራሱ ቻርጀር ከሌለው ያንኑ ትንሽ ለሁሉም ያካፍላል። ማብዣውን ተወውና አስማሚውን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካ፣ በአጭር ገመድ። ካልበቃው ሁለት ጫፍ ያለው የዩኤስቢ ገመድ (አንዱ ለዳታ፣ አንዱ ለኮረንቲ ብቻ) ወይም የራሱ ቻርጀር ያለው አስማሚ። ባለ 40 ፒኑን የዴስክቶፕ ዲስክ የሚያነሳው 12 ቮልት እዚህ አያስፈልግም፤ ላፕቶፕ ዲስክ የሚሠራው በ5 ቮልት ብቻ ነው።

በቂ ኮረንቲ አግኝቶም ያንኑ ድምፅ በእኩል ልዩነት እየደጋገመ ካልታየ ችግሩ የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት ነው፤ ያኔ በቤት የሚሠራ ነገር የለም። ፍሪጅ ውስጥ አስገባው የሚልህን አትስማ፣ ትርፉ እርጥበት ነው።

ዜሮአንድ፦

ከተነሳ በኋላ፦ ኡቡንቱ ውስጥ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈትና የስማርት ሰንጠረዡን (ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ) እይ፤ አስማሚው ያሳልፈው እንደሆነ። ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ላይ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ላይ የተበላሹ ቦታዎች አሉ። 199 ብቻ ከፍ ካለ ግን የገመድ ወይም የማገናኛ ጉዳይ ነው፤ ዲስኩን አትውቀሰው።

ንጹሕ ከሆነ በተራ ኮፒ ጨርስ። ተራው ግን እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሰነዶቹ፣ ቀጥሎ ፎቶዎቹ፣ ቪዲዮው መጨረሻ። 6 ጊጋው መሐል ላይ ዲስኩ ቢቆም የቀረው ሁሉ አብሮ እንዳይቀር።

የተበላሹ ቦታዎች ካሉ ፋይል በፋይል አትግባ። ዲዲሬስኪውን ተጠቀም፤ ሙሉውን ዲስክ ወደ አንድ የምስል ፋይል ይገለብጠዋል። የሞላው 38 ቢሆንም ምስሉ 60 ጊጋ ነው፣ ስለዚህ መድረሻው ከዚያ በላይ ባዶ ቦታ ይኑረው። መጀመሪያ በትንሿ «ኤን» አማራጭ፦ በቀላሉ የሚነበበውን ይወስዳል፣ የሚያስቸግረውን ዘሎ ያልፋል። ቀጥሎ ያለ «ኤን»፣ «አር 3» ብለህ፦ የተዘለሉትን ብቻ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ የካርታ ፋይል ስጠው፤ የተነበበውን የሚያስታውሰው በእሱ ነው። ካርታ ሳይሰጠው ተጀምሮ መሐል ላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ይጀምራል። መነሻና መድረሻ ማቀያየር በዲስኩ ላይ ያለውን ሊያጠፋው ይችላል፤ 60 ጊጋ የሆነው የቱ እንደሆነ ሳታረጋግጥ ኢንተር አትምታ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ያርፋል፣ ፋይሎቹን ከምስሉ ታወጣለህ።

ፊደል፦

አንድ ነገር ተዘለለ። የአማርኛ ሰነዶች አሉ ተብሏል። በኤክስፒ ዘመን የተጻፈ አማርኛ ብዙው ዩኒኮድ አይደለም፤ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝን በመሰሉ ፕሮግራሞች የተጻፈው ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ሰነዱ በሰላም ተገልብጦ አዲሱ ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ የወጣ ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም። ፎንቱ የለም።

ስለዚህ ከድሮው ዲስክ «ዊንዶውስ» ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» ፎልደር እንዳለ ውሰድ፤ ቦታ አይፈጅም። አዲሱ ላይ የግእዞቹን ፎንቶች ብቻ መርጠህ ራይት ክሊክ፣ «ኢንስቶል»። ሁሉንም አትጫን፣ የዊንዶውስ 11ን የራሱን ፎንቶች ከድሮዎቹ ጋር ታደበላልቃለህ። የትኛው ፎንት እንደሚፈለግ ካላወቅህ ዝብርቅርቁን ጽሑፍ ምረጥና ወርድ ላይ የፎንት ስም የሚጻፍበትን ሳጥን እይ፤ ፎንቱ ባይኖርም ስሙ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። እስኪስተካከል ድረስ ሰነዱን በሌላ ፎንት ቀይረህ ሴቭ አታድርግ፤ ስሙ ከጠፋ የትኛው ፎንት እንደነበረ ማወቂያ የለህም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፣ ግን የሚቀየረው ቅጂው ይሁን እንጂ ዋናው አይሁን።

ባለገመዱ፦

ፊደል ያነሳው ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

የተገለበጠውን ስታወዳድር «ሳይዝ» የሚለውን እንጂ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለውን አትይ፤ ሁለተኛው እንደ ፎርማቱ ይለያያል፣ ምንም ሳይጎድል ያስደነግጣል። የፋይሎቹ ብዛት በጥቂቱ ቢለያይ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ድብቆቹ «ተምብስ» እና «ዴስክቶፕ አይኤንአይ» ናቸው። ቪዲዮውን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ መጨረሻው ድረስ ወስደህ እየው፣ ተቆርጦ የቀረ ፋይልም መጀመሪያው ይጫወታል።

ሁለተኛ፣ በፎልደሮቹ ቦታ ሾርትከት ተተክቶ ካገኘህ ያ የታወቀው የፍላሽ ቫይረስ ነው። ሾርትከቱን እንዳትከፍት። እውነተኛው ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተደብቆ ነው ያለው፤ ከኡቡንቱ ስታየው በግልጽ ይታያል። እሱን ብቻ ኮፒ አድርግ፣ ሾርትከቶቹንና «አውቶረን» የሚለውን ፋይል እዚያው ተው፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ከመክፈትህ በፊትም በዲፌንደር ስካን አድርገው።